አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስለው ጊታር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሰርግ ፍኖተ ሰላም ነበርን። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እየተደረደረ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ አብሮን የሄደው የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከቦርሳው አወጣ። ዳር ዳሩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወደ መሀል ማር እየመሰለ የሚሄድ ቀለም አለው። ነጭ መሆን የነበረበት ፕላስቲክ ወደ ቅቤ መልክ አድልቷል። ከቡሬ የመጡት የሙሽራው አያት፣ በጉብዝናቸው ወራት ክራር ይጫወቱ የነበሩ አዛውንት፣ ጠጋ ብለው አዩት።

«የአባትህ ነበር?» አሉት።

«አይደለም አባባ፤ አዲስ ነው። ከተገዛ ሦስት ወሩ ነው።»

«ታዲያ ማን አስረጀው?»

አጠገባችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እህቴ ግን አልሳቀችም። ገንዘቡ ለላፕቶፕ ተብሎ የተጠራቀመ ነበር። በዚያው ዋጋ የሚያብረቀርቅና ብዙ ማስተካከያ ያለው ዘመናዊ ጊታር መግዛት እንደሚቻልም ታውቃለች። «ለአሮጌ መልክ ይህን ያህል ይከፈላል?» የሚለው ጥያቄዋ መንገዱን ሙሉ አብሮን ተጉዟል። የብዙ ወላጆች ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል መልሱን እንፈልግ።

ድሮውን ያስናፈቀው ምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነበረ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ነው። ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ የተጫዋቾችን ቅሬታ ማዳመጥ ግን ያውቅበታል። ቴሌካስተር የተባለውን ጊታር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ፣ ስትራቶካስተርን ደግሞ በ1954 ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ከድፍን እንጨት የተሠሩ ናቸው። አንገታቸው በብሎን የሚታሰር በመሆኑ ሲበላሽ በቀላሉ ይቀየራል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ድርጅቱ ሲቢኤስ ለተባለው ትልቅ ኩባንያ ተሸጠ። ምርቱ በዛ፤ በ1970ዎቹ ግን ብዙ ተጫዋቾች «ጥራቱ ወረደ» ማለት ጀመሩ። አዲሱን ትተው ከሽያጩ በፊት የተሠሩትን ማደን ያዙ፤ የአሮጌዎቹም ዋጋ እየናረ ሄደ። ድርጅቱ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1982 የራሱን የ1952፣ የ1957 እና የ1962 ሞዴሎች እንደ ድሯቸው አድርጎ ዳግም መሥራት ጀመረ። ገበያው «ሪኢሹ» የሚላቸው እነዚህን ነው። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ የተሠሩት ረከስ ያሉ ሪኢሹዎችም ዛሬ በተራቸው ተፈላጊ ሆነዋል።

እጅ የሚያውቀው፣ ጆሮ የሚለየው

መልኩ ዓይን ይስባል። ተጫዋቹን የሚያቆየው ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው አንገቱ ነው። በድሮዎቹ ላይ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ከዛሬዎቹ ይልቅ ጎበጥ ያለ ነው፤ ፍሬት የሚባሉት የብረት መስመሮችም ቀጫጭን ናቸው። ኮርድ ለሚይዝ እጅ ይመቻል። ክሩን አብዝቶ መለጠጥ ለሚወድ ተጫዋች ግን ያስቸግራል።

ሁለተኛው ድምፅ የሚቀበለው ፒካፕ ነው። ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ማለት ነው። የድሮው ዓይነት ነጠላ ጥምጥም ስለሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ጣት ክሩን የነካበት ቅጽበት ሳይደፈርስ ይሰማል። ጉድለትም አለው፤ የኤሌክትሪክ እምምታ ከአካባቢው ይስባል። ሸምበቆ አምፖል አጠገብ ሲቆሙ ይብሳል።

ሦስተኛው የቀለሙ ቅብ ነው። በድሮዎቹ ላይ ስስ ነው፤ በጊዜ ብዛት ይሰነጣጠቃል፣ እጅ በሚበዛበት ቦታም ይሳሳል። ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት ለሌለው ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ፋብሪካው ውስጥ ሆን ተብለው ተቧጭረው የሚሸጡ ጊታሮችም መጥተዋል። ለድምፁ የሚጨምሩት ነገር መኖሩ ያከራክራል፤ ዋጋውን መጨመራቸው ግን አያከራክርም።

የድሮውን ችግር ጭምር መልሶ መግዛት እንግዳ ይመስላል። ግን አስቡት፤ የድሮው ስትራቶካስተር መምረጫ ቁልፍ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ቁልፉን በሁለቱ መካከል ቀስ አድርገው ሲያቆሙት ያልታሰበ ድምፅ አገኙ። ፋብሪካው ባለ አምስት ቦታ ቁልፍ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ከእነሱ ተምሮ ነው። ምርጫ ሲያንስ እጅ መላ ይፈልጋል።

ለእኛ ጆሮ

የእህቴ ልጅ ይህን ጊታር የፈለገው ከውጭ ሙዚቃ ተነሥቶ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር በሆቴል ባንዶች ሲደምቅ የነበረበት ዘመን አለ። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ አሳታሚነቱን ጀመረ። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የቀረጸው በ1975 ነው። በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተው ሰላም ሥዩም ወልደማርያም፣ ዘመናዊ ሙዚቃችን ከየት እንደመጣ በታሪክ ተማሪነቱም ያጠና ሰው ነው።

ከዚያ ሰዓት እላፊው መጣ፤ ቀስ በቀስም ኪቦርዱ የባንዱን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የድሮዎቹን ቅጂዎች ዳግም ማሳተም ሲጀምር፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች የአባቶቻቸውን ጊታር እንደ አዲስ ሰሙት። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትም የቆዩ ዜማዎችን በማንዶሊን፣ በክላርኔትና በአኮርዲዮን መልሶ አምጥቷል። የማንዶሊኑ አንጋፋ አየለ ማሞም እዚያ አብሮ ተጫውቷል።

በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ጊታሩ ብዙ ጊዜ የክራርን ጠባይ ይዟል፤ ኮርድ ከመደርደር ይልቅ አምስቱን የቅኝት ድምፆች አንድ በአንድ ይለቅማል። ጥርት ያለው ነጠላ ፒካፕ ለዚህ ይስማማል። የአንቺ ሆዬ ቅኝት ጠባብ እርቀቶች በተድበሰበሰ ድምፅ ይጠፋሉ፤ በጠራ ድምፅ ግን ይወጣሉ።

ከመግዛትዎ በፊት

እውነተኛው የ1950ዎቹ ስትራቶካስተር ዛሬ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ሲወጣ ዋጋው ከነመርገብገቢያው 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። አሜሪካ ሠራሹ ሪኢሹ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። በድሮው ንድፍ እስያ ውስጥ የሚሠሩት ግን በጥቂት መቶ ዶላሮች ይገኛሉ። ለጀማሪ ልጅ እነዚህ ከበቂ በላይ ናቸው።

ልጁ ሳይዘው አይግዙ። የድሮው አንገት ለሁሉም እጅ አይሆንም።

አምፕሊፋየሩን ከአሜሪካ የሚያስመጡ ከሆነ ቮልቴጁን ይመልከቱ። የእነሱ 120፣ የእኛ 220 ነው፤ ያለ መቀየሪያ ከሰኩት ይቃጠላል። ጊታሩ ራሱ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር የለውም። መብራት በጠፋ ጊዜም፣ ድምፁ ቢያንስም፣ ልምምድ አይቋረጥም።

መለዋወጫ ክር አብሮ ይምጣ። በበጋና በክረምት እንጨቱ ስለሚላወስ፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በዓመት አንድ ሁለቴ በባለሙያ ያስተካክሉ።

ለተቧጨረ ቀለም ተጨማሪ አይክፈሉ። ልጁ ከተጫወተበት ራሱ ያስረጀዋል፤ ካልተጫወተበት ደግሞ የውሸት ጭረት ምን ይሠራለታል?

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ፣ አዛውንቱ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ክሮቹን በአውራ ጣታቸው ነካኩ። ስለ ራሳቸው ክራርም አጫወቱን። ከአባታቸው የወረሱት ነው። ቆዳው ሁለቴ ተቀይሯል፤ ቀንበሩ ተሰብሮ በሌላ እንጨት ተተክቷል፤ የጅማት ክሮቹ ቀርተው ናይለን ገብቷል።

«ታዲያ አሁንም የአባቴ ክራር ነው» አሉ። «እሳቸው በቃኙት እስከቃኘሁት ድረስ።»

ከዚያ ጊታሩን ለልጁ መለሱለት። «በል፣ ትዝታን አሰማኝ። አዲስ ይሁን አሮጌ ያኔ እነግርሃለሁ።»

ልጁ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አገኘው። እህቴ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች። ስለ ላፕቶፑ የዚያን ቀን አልተነሣም።