ኮምባይንድ ዴስክ፣ ወገብና የአገው ፈረሰኛ

የተማሪ ጀርባ የሚጎብጠው ከስንፍና ይልቅ በዴስኩ ምክንያት ነው። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ በመማሪያ ክፍሎች የተለመደው አግዳሚውና ጠረጴዛው የተያያዙበት ኮምባይንድ ዴስክ ነው። ሁለቱም ዝርግ ናቸው፤ ቁመታቸውና ርቀታቸውም አይስተካከልም። ስለዚህ አጭሩ ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ ክርኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ረጅሙ ጉልበቱ ይጋጭበታል።

ዋናው ችግር ግን ዳሌ ላይ ነው። ሰው በ90 ዲግሪ ሲቀመጥ የዳሌው መገጣጠሚያ የሚታጠፈው 60 ዲግሪ ያህል ነው፤ የቀረውን የሚሸፍነው የታችኛው ወገብ ነው። ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሰው ሲቆም ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው ወገብም ወደ ውጭ ይጎብጣል። ደብተሩ በዝርግ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ዓይን ይወርዳል፣ አንገትም ይከተለዋል። «ቀና በል!» የሚለው ቁጣ የሚሠራው ጡንቻ እስኪደክም ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ኪገን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የራጅ ጥናት፣ ወገብ የተፈጥሮ ቅርጹን የሚይዘው ጭንና ጀርባ 135 ዲግሪ ገደማ ሲከፈቱ መሆኑን አሳይቷል። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ማንዳል ደግሞ ለዚህ አቀማመጥ ፈረስ ጋላቢን በአስረጅነት ጠቀሰ። ዳንግላና እንጅባራ በሚገኙበት በአዊ ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልግም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን እንጅባራ ላይ ሲያከብር ፈረሰኞቹን ከጎን ማየት ይበቃል፦ ጭን ወደ ታች አዘቅዝቋል፣ እግር እርካብ ረግጧል፣ ወገብ ያለ መደገፊያ ቀጥ ብሏል።

ማንዳል ያቀረበው መፍትሔ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያዘነበለ መቀመጫና ወደ አንባቢው ያዘነበለ ጠረጴዛ ነው። ያዘነበለ መቀመጫ ያንሸራትታል፤ ሦስት ልጅ ለሚጋራው አግዳሚም አይመችም። ጠረጴዛውን ማዝመም ግን ቀላል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አትሮኖስ ከጥንት ጀምሮ የተሠራው እንዲሁ ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዝመም ይበቃል፤ እስክሪብቶ እንዳይንከባለል ከታችኛው ጠርዝ ቀጭን ጣውላ ይመታበታል።

ቁመቱን በተመለከተ አናጢው ለየክፍል ደረጃው ሁለት ልኬት ይበቃዋል፦ ከወለል እስከ ጉልበት መታጠፊያ ለመቀመጫው፣ ተቀምጦ እስከ ክርን ለጠረጴዛው። አሮጌውን ዴስክ መቀየር ለማይችል ትምህርት ቤት፣ ከእግር ሥር የሚረገጥ አግዳሚ እንጨትና ከቀርቀሃ የተሠራ ዘንበል ያለ የመጽሐፍ ማስደገፊያ አማራጭ ሆነው ይቀራሉ፤ የእንጅባራ የቀርቀሃ ሠራተኞች ሶፋ ሲሠሩ የሚተርፋቸው ቁራጭ ለዚህ አያንስም።