ከሽልማት በኋላ ለራያ ከያኒ የሚቀር ሀብት

ከወልድያ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ፣ የላስታን ደጋ በግራው፣ የዞብልን ተራራ በቀኙ አድርጎ፣ በማሽላው ሜዳ መካከል ወደ ራያዋ ቆቦ ከተማ ሲደርስ፣ ወሩ ጥር እንደ ሆነ ከሠርጉ ድንኳን የሚወጣው የከበሮ ድምፅ ገና ከሩቅ ይቀበለዋል። የራያ ዜማና ጭፈራ ዛሬ በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ፣ ከዚያም አልፎ በባሕር ማዶ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ላይ ይደምቃል። ነገር ግን ይህ ዜማ በተወለደበት ቆላ፣ ማሲንቆውን መትቶ፣ ከበሮውን ደልቆ፣ እድምተኛውን ሲያስፈነድቅ ያደረው ከያኒ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይዞት የሚመለሰው በአብዛኛው ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን ሽልማት ነው።

ሽልማት ክብር ነውና ማቃለል አይገባም፤ ዳሩ ግን ክብር የዓመት ቀለብ አይሆንም። ሠርግ በጥርና በየካቲት ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ በክርስቲያኑ ዘንድ፣ ረመዳን ሲገባ በሙስሊሙ ዘንድ ድንኳን አይጣልም፤ ከፋሲካ በኋላ ጨዋታው ለጥቂት ሳምንታት ያገግምና ክረምቱ ሲጫን ገበሬው ወደ እርሻው፣ ከያኒው ወደ ዝምታው ይመለሳል፤ ነሐሴ 16 ቀን፣ በፍልሰታ በዓል፣ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር በወገባቸው አሥረው ሶለልን ሲጫወቱ ነው ከበሮው እንደ ገና የሚሰማው። የቆቦ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ ለጥቂት ሰዓት የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ካላስገባው በቀር፣ ውሃው አፈሩን ሸርሽሮ በአሸዋው ውስጥ እንደሚጠፋ ከአባቶቹ ስለ ተማረ፣ ቦዩን የሚጠርገው ጎርፉ ሳይመጣ ነው። የከያኒው የጥር ገንዘብም እንደዚሁ ያለ ጎርፍ ሆኖ ሳለ፣ ቦይ ያበጀለት ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ ለከያኒ ሥራ ፈጠራን ማስተማር ስል፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚቀር አንዳች ሀብት፣ የተቀረጸ ዜማም ቢሆን፣ የተፈረመ ውልም ቢሆን፣ የሚጫወትበት ቤትም ቢሆን፣ በገዛ ስሙ እንዲኖረው መርዳት ማለቴ ነው።

ጥበብንና ገንዘብን በአንድነት ማንሣት ጸጋን ማርከስ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ በቅን ልቡና የሚሉት መሆኑንም አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንዲህ አላሰቡም። ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት የፈጀበትን ዳዊት ለአስጻፊው ሲያስረክብ ዋጋውን ይቀበል ነበር፤ መጽሐፉ በምን ያህል እንደ ተገዛ የሚገልጽ ማስታወሻም በጥንታውያን ብራናዎች ላይ ይገኛል። ቅድስናው በዋጋው አልቀነሰም። በወንጌልም የተወቀሰው አገልጋይ መክሊቱን በምድር የቀበረው እንጂ ነግዶ ያበዛው አልነበረም። በአንጻሩ በመኳንንቱ አዳራሽ ያገለግል የነበረው አዝማሪ፣ ማዕዱም ልብሱም ከጌታው እጅ ስለ ነበረ፣ ጌታው ሲሻር ወይም ሲሞት ከማሲንቆው በቀር ምንም ሳይቀረው ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሄድ ነበር። የዛሬው የድንኳን ሽልማት ጌታውን አበዛለት እንጂ ያንን ኑሮ ከሥሩ አልለወጠውም።

ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች መካከል አምሐ እሸቴ ይጠቀሳል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስቀረጽ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ይህ ወጣት የሸክላ ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ዘፋኞች ድምፅ በውጭ አገር እያሳተመ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ሊተርፍ የቻለው በከፊል አንድ ሰው ሰምቶ ከመደሰት አልፎ በስሙ ስላስቀረጸው ነው።

ለቆቦው ከያኒ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ ታሪክ ይመስለኛል። መላኩ በካዛንቺስ በነበረው በፈንድቃ አዝማሪ ቤት ገና በወጣትነቱ እየጨፈረ፣ ደመወዝ ሳይኖረው በተመልካቹ ሽልማት ብቻ እየኖረ፣ ሌሊቱን እዚያው በመጠጥ መደርደሪያው ሥር እየተኛ ዓመታት አሳለፈ። ከዚያ ከፍ ያለ ሽልማት ቢጎርፍለት እንኳ ሕይወቱ ከዚያው መደርደሪያ ሥር አይወጣም ነበር፤ ያወጣው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ መረከቡ ነው። ከዚህ በኋላ አዝማሪው በሚዘፍንበት አዳራሽ ሠዓሊው ሥዕሉን ሰቀለ፣ ገጣሚው ግጥሙን አነበበ፣ የጃዝ ተጫዋቹም መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ ኢትዮከለር የተባለው ባንዱ ከየክፍለ ሀገሩ የተማረውን ውዝዋዜ ይዞ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ የፈረንሳይም መንግሥት ለመላኩ የጥበብ ኒሻን ሰጠው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ቤቱ አብሮ ፈረሰ፤ ይህም የሚያሳዝን ነገር ነው። ባንዱና ስሙ ግን ከግንቡ ጋራ አልወደቁምና፣ የከያኒ ሀብት ከግድግዳ የሚሰፋ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቆቦ፣ በሮቢት ወይም በጎብዬ አዝማሪ ቤት መግዛት ለጊዜው ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነው። ለሁሉም የሚቻለው ውል ነው። ዛሬ ባለ ሠርጉ ቀብድ ይሰጣል፣ የቀረውን በቃል ይስማማሉ፣ የሽልማቱንም ገንዘብ የቡድኑ አለቃ እንደ ፈቀደው ያካፍላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀርጽ ያደረው ቪዲዮ ቀራጭ ደግሞ ምስሉን በማግስቱ በዩቲዩብ ሲለቅቀው ከዘፋኙ ፈቃድ የጠየቀ የለም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚቀረው እዚያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ ለግጥሙና ለዜማው ደራሲ በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኙም ለክዋኔው ለ50 ዓመት መብት ሰጥቷል። ድምፁ እንዲቀረጽ፣ እንዲባዛ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ የሚፈቅደው እርሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተጨመረው አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ደራስያንና ከዋንያን በጋራ ማኅበር አማካይነት የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፈተ። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሕግ ከአዲስ አበባ ወደ ማሽላው ሜዳ በራሱ እግር አይሄድምና፣ ማን እንደሚቀርጽ፣ ማን እንደሚለቅ፣ ገቢውም እንዴት እንደሚከፈል የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ከቀብዱ ጋራ ቢፈረም የብዙ ወጣት ዕጣ ይለወጥ ነበር።

ገንዘብን በማጠራቀም ረገድ ራያ እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ አለው፣ ዕድር አለው። የቡድኑ አባላት ከእያንዳንዱ ሠርግ ጥቂት እያስቀሩ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢያኖሩት፣ በዐቢይ ጾም ለቤት ወጪ፣ በክረምት ለከበሮው ቆዳና ለማሲንቆው ጭራ፣ ውሎ አድሮም አንድ ነጠላ ዜማ በራሳቸው ስም ለማስቀረጽ ይበቃቸዋል። በማኅበር ተመዝግበው ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጡ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ደረሰኝ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ለበዓሉ ሊጋብዛቸው ይችላል፤ ይህም ከሠርግ ወራት ውጭ የሚገኝ ገቢ ነው። የተቀረጸ ዜማ ለክፉ ቀንም ይሆናል፤ የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ደርሶ ሕዝቡን ከፈጀና ካፈናቀለ በኋላ፣ ገና ሳያገግም ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከሶለል በዓል በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው አካባቢ እንደ ገና ተቀሰቀሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሠርግ ይቀራል፣ በዓልም ይታጎላል፤ አስቀድሞ የተቀረጸና በስሙ የወጣ ዜማ ያለው ከያኒ ግን ከተሰደደበትም ስፍራ ሆኖ ጥቂት ሲሳይ ሊያገኝበት ይችላል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ሶለልና የራያ የድንኳን ዘፈን ደራሲያቸው ሕዝቡ ስለ ሆነ፣ አንድ ዘፋኝ ወስዶ በአልበሙ ቢያስገባቸው ማንን ያስፈቅዳል? ለማንስ ይከፍላል? የቅጂ መብት አዋጁ የሕዝብ ለሆነ ዜማ ይህን የመሰለ የክፍያ ሥርዓት አላበጀም። እስኪበጅ ድረስ፣ ዜማውን ከቆቦ እናቶችና አባቶች አንደበት ቀርጾ፣ የዘፈነውን ሰው ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን በመዝገብ ማስፈር፣ ለወልድያ ዩኒቨርሲቲና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ የድምፅ መቅረጫና ጥቂት ትጉሃን ወጣቶች የሚበቁት ሥራ ነውና፣ ዜማውን አሳምረው የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ ቢያዝ መልካም ነው።