ሕክምናው በዛ የሚባለው መቼ ነው?

በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትታመስ፣ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም መተንፈስ ያቃታትን ልጅ አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ፣ የጎማ ከረጢት በእጅ እየጨመቀ ያስተነፍሳት ጀመር። ከዚያ በኋላ በብሌግዳም ሆስፒታል የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ ከረጢቱን ጨመቁ፤ ይሞታሉ የተባሉ ብዙዎችም ተረፉ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ትውልዱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ጥያቄውም አልዘገየም። ተስፋው የተሟጠጠን ታማሚ የሚያስተነፍሰው ማሽን ብቻ ሲሆን ማሽኑን ማቆም ይፈቀድ እንደሆነ የማደንዘዣ ሐኪሞች ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛን ጠየቁ። እሳቸውም በ1957 ከተለመደው ያለፈ ሕክምና የመቀጠል ግዴታ የለም ሲሉ መለሱ። ድንበሩን የመለየቱ ሥራ ግን በአልጋው ዙሪያ ላሉት ቀረ።

ድንበሩን በቁጥር ማስመር የሚመኝ ብዙ ነው። በ1996 የወጣው ሶፋ የተባለው መለኪያ ሳንባን፣ የደም መርጋትን፣ ጉበትን፣ የደም ዝውውርን፣ አንጎልንና ኩላሊትን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 4 ይመዝናል፤ ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል። ጠቃሚ ነው፤ ታማሚው ከትናንት ዛሬ መሻሉን ወይም መባሱን ያሳያል። ይሁን እንጂ አዘጋጆቹ ራሳቸው የሠሩት የሰውነትን ጉዳት ለመግለጽ እንጂ ዕጣ ለመተንበይ አልነበረም። ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚተርፍ ቢታወቅ እንኳ ይህ ሰው ከነማን እንደሚደመር አይታወቅም። ተርፎ የሚኖረውን ኑሮ እሱ ራሱ ይቀበለው እንደሆነም የትኛውም የደም ምርመራ አይናገርም።

ስለዚህ ፍርዱ የሰው ነው፤ ክርክሩ የየትኛው ሰው በሚለው ላይ ነው። በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮችና በእስራኤል በሚገኙ 82 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚሠሩ 1,651 ነርሶችና ሐኪሞች በዚያን ዕለት ስለያዟቸው ታማሚዎች ተጠይቀው ነበር። 27 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዱ ታማሚያቸው ተገቢ ያልሆነ ሕክምና እያገኘ ነው አሉ፤ በብዛት የተነሳውም ሕክምናው ከሚያስገኘው ውጤት ጋር አይመጣጠንም፣ በዝቷል የሚል ነው። ነርሶች በውሳኔው በሚሳተፉበትና ከሐኪሞች ጋር ተግባብተው በሚሠሩበት ክፍል ይህ ስሜት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አያስገርምም። ሐኪሙ ጠዋት ሲዞር የደም ግፊት ማንሻውን የኖርአድሬናሊን መጠንና የኦክስጅኑን ልክ ያነባል። ነርሷ ግን የታማሚውን አክታ በቱቦ ስትመጥ ፊቱ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ ስታገላብጠው የአልጋ ቁስሉ ምን ያህል እንደሰፋ፣ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ይገልጥ እንደሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታያለች። ሁለቱም የያዙት ማስረጃ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሲወስን ግማሹ ማስረጃ ይባክናል።

የባለሙያ ስሜት ማስረጃ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ በዚያው ጥናት ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ሕክምናውን ተገቢ አይደለም የማለት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ድካም ፍርድን ያጣምማል። ሆኖም ይህ ስሜቱን በጋራ ለመመርመር እንጂ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። አይተርፍም ብለን ሕክምና ካቆምን ታማሚው ይሞታል፣ እኛም ልክ ነበርን እንላለን፤ ስህተታችንን የሚያሳይ ማንም አይቀርም። ለዚህ እስካሁን ካየኋቸው መልሶች የተሻለው በጊዜ የተገደበ ሙከራ ነው። ከቤተሰቡ ጋር የቀናት ቀጠሮ ይያዛል፤ የደም ግፊት ማንሻው መድኃኒት ይቀንስ እንደሆነ፣ ኩላሊቱ ሽንት ይሠራ እንደሆነ፣ ታማሚው ይነቃ እንደሆነ አስቀድሞ ተነጋግሮ ይጠበቃል። ሕክምናው እስከዚያ በሙሉ ኃይል ይሰጣል እንጂ በግማሽ ልብ አይደለም።

ማቆም ነውር ነው የሚሉ ወገኖችም ለዚህ አካሄድ በራቸውን አልዘጉም። የእስራኤል የ2005 ሕግ ያለማቋረጥ የሚሠራን የመተንፈሻ ማሽን መንቀል ይከለክላል። ነገር ግን ማሽኑ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሞ በየጊዜው እንዲታደስ ማድረግን ይፈቅዳል፤ በዚህ መንገድ መቀጠልም እንደ ማቆሙ ሁሉ ሰው አስቦ የሚወስነው ነገር ይሆናል። በአልጋው ዙሪያ ያሉት ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ በዚሁ ሕግ መሠረት ጉዳዩ ወደ ተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሄዳል፤ በዚያ ኮሚቴ ከሐኪሞቹና ከሕግ ባለሙያው ጎን ነርስ ወንበር አላት።