ቻርጀሩ ሳይሆን መንገዱ፦ የጣና ጀልባዎችና ባትሪያቸው

ጣና ላይ ዓሣ ማስገር ለረጅም ዘመን ባትሪ የማያውቅ ሥራ ነበር። የደንገል ታንኳ በመቅዘፊያ ትሄዳለች፤ የሚበጠስባት ሽቦ የላትም። ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ አስጋሪው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የሐይቁ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። በሐይቁ ዳር ባለው በፎገራ በኩል ዛሬም ታንኳዋ ሥራ አልፈታችም። ሞተርና መብራት በደረሱበት ሁሉ ግን ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ተከትሎ ይመጣል፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚከሰሰው ቻርጀሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስሙ ስም ይሰጠዋል።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ባትሪ በመሠረቱ አልተለወጠም፦ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የቆሙ የእርሳስ ሰሌዳዎች ናቸው። ኃይል ሲሰጥ ሰሌዳዎቹ ሰልፌት ይለብሳሉ፣ አሲዱም ይቀጥናል። ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ይለቅቃል። ዛሬ የለበሰው ዛሬውኑ ከተነሣ ችግር የለም፤ ለሳምንታት ከቆየ ግን እየጠነከረ ሄዶ አልነሣም ይላል። ባትሪ «ሞተ» የሚባለው በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው።

ጥፋቱ የባትሪው ነው ወይስ የቻርጀሩ የሚለውን ክርክር የሚፈታው ቴስተር ነው። ከቻርጀር ተነጥሎ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፤ ከ12 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ከሙሉ እስከ ባዶ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ትንሽ የምትመስል ብክነት ትልቅ ጉዳት የምታደርሰው።

ስለዚህ ቻርጀሩ እየሠራ ሁለት ቦታ ይለካ፤ አንዴ በቻርጀሩ መውጫ ላይ፣ ሌላ ጊዜ በራሱ በባትሪው የእርሳስ ጫፎች ላይ። እዚያ 14.4፣ እዚህ 13.6 ከተነበበ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 10 አምፔር እየፈሰሰ ከሆነ 8 ዋት ሙቀት ሆኖ እየጠፋ ነው፤ ሲዳሰስ የሚሞቀው መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። ቻርጀሩ የሚያየው የራሱን 14.4 ስለሆነ ፍሰቱን ያለጊዜው መቀነስ ይጀምራል፤ መብራት ባለበት ጥቂት ሰዓት ውስጥም ባትሪው ሳይጠግብ ይነሣል። የባሕር ጀልባ መመሪያዎች ለዝገቱ ጨውን ይወቅሳሉ። ጣና ግን ጨዋማ አይደለም፤ እዚህ ጠላቱ የአሲዱ ትነት፣ የጀልባው ወለል እርጥበትና ተጠምዝዞ በፕላስተር የተሸፈነ ሽቦ ነው። ነጩን ወይም አረንጓዴውን ዝገት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ማጽዳት፣ ማጥበቅ፣ ከላይ ግራሶ ወይም ቫዝሊን መቀባት በቂ ነው።

ቻርጀሩ በእርግጥ የሚጠረጠርበት ጊዜም አለ። ለምርመራው ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሌላ ባትሪ ይታሰርለት፤ ያን ከሞላ ነፃ ነው። ብዙ ዘመናዊ ቻርጀሮች እጅግ የወረደ ባትሪ ሲያገኙ ጨርሶ ሥራ አይጀምሩም፤ ባለቤቱም ተቃጥሏል ብሎ ይጥላቸዋል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጠው ከታሰሩ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ፊውዝ ነው፤ እሱን ሳያዩ ቻርጀር መፍታት አያስፈልግም።

ባትሪውን የጀልባው ሞተር ራሱ ይሞላዋል የሚሉም አሉ። ይሞላል፣ ሰዓት ካገኘ። የብዙ ትናንሽ ጀልባ ሞተሮች ቻርጅ ማድረጊያ የሚሰጠው ጥቂት አምፔር ነው፤ 6 እንበል፣ ያውም በጥሩ ፍጥነት ሲሄድ። 70 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ካለቀ 35 መመለስ አለበት፤ ይህም ወደ ስድስት ሰዓት ጉዞ ነው። የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ደግሞ በባሕርዩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ማታ መረብ ዘርግቶ ጠዋት ሰብስቦ የሚመለስ ጀልባ ያን ያህል ሰዓት ከየት ያመጣል? ባትሪው በየቀኑ ጥቂት እየጎደለበት ይሰነብታል።

ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ለባትሪ ደግ አገር ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራልና፣ የፎገራ ባትሪ ከአፋር ወይም ከጋምቤላ ባትሪ የበለጠ መቆየት ነበረበት። የሚያሳጥረው ክረምቱ ይመስለኛል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ባትሪውን የሚሞላ ሶላር ካለ ደመናው ያዳክመዋል፣ ሥራ የፈታው ባትሪም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሳይነካ የቀረ ባትሪ ራሱን በወር ጥቂት በመቶ ያጎድላል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያ በላይ። ግማሽ ሆኖ ሰኔ ላይ የተተወ ባትሪ መስከረም ላይ ሰልፌቱ ጠንክሮበት ይገኛል።

ስለዚህ ከማስቀመጥ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሞላ፣ ክፍት ዓይነት ከሆነ ሰሌዳዎቹ እስኪሸፈኑ የተጣራ ውሃ ይጨመርበት (አሲድ አይጨመርም)፣ ኔጋቲቩ ይፈታ፣ በየወሩም ወረታ ወይም መብራት ባለበት ቤት ይሞላ። የሚሞላበት ክፍል ግን የሚተኛበት አይሁን። ሊሞላ ሲቃረብ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት የክብሪት ብልጭታ ትበቃዋለች። መስኮት ይከፈት፣ ከሰልና ሻማ ይራቅ፣ ቻርጀሩም ሽቦው ከመፈታቱ በፊት ከሶኬት ይነቀል።