ጥቂት ሰዓታት በጀጎል



ባለፈው ሸዕባን ለዘመድ ኒካሕ ከዓለም ባንክ ሰፈር ተነስተን ድሬዳዋ ወርደን ነበር። የመመለሻ አውሮፕላናችን የሚነሳው በማግስቱ አመሻሽ ላይ ስለነበር ግማሽ ቀን ተረፈን። «ሐረርን ሳናይ ልንመለስ ነው?» ያለችው የ13 ዓመቷ ልጄ ናት። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ረፋድ ላይ ደረስን።

ሐረር ዛሬ የሐረሪ ክልል ዋና ከተማ ናት። ጥንትም መናገሻ ነበረች። ሱልጣን አቡበክር መቀመጫቸውን ከደከር ወደዚህ ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ኋላም የራሷ አሚሮች የሚመሯት አገር ሆነች፤ በ1887 በምኒልክ ጦር እስክትያዝ ድረስ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስገነቡት የሚነገረው ግንብ፣ ጀጎል፣ የሚከልለው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቀብሮችና መታሰቢያዎች መኖራቸው ተመዝግቧል። ዩኔስኮም በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

በእግር ነው የምትታየው

ጥቂት ሰዓት ላለው ሰው ሐረር ትመቻለች። ከፈረስ መጋላ ተነስተን በማኪና ግርግር ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ከዚያ ጊድር መጋላ፣ ማለትም ትልቁ ገበያ ይደረሳል። ከዋናው መንገድ ዞር ሲሉ ግን ጫጫታው ጸጥ ይላል። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ለሌላው ጥግ ይይዛል፤ ሰላምታም የግድ ይሆናል።

ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ አንዲት እናት «ግቡ» አሉን። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ወለሉ ቀይ ነው፤ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተለየ ነው። ግድግዳው በስፌት አጊጧል። ግድግዳው ውስጥ የኪታብ ማስቀመጫ ሆነው የተሠሩ ጎድጓዳ ቦታዎችም አሉ። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ለኪታብ ቦታ ታስቦለታል ማለት ነው።

የልጄ ጥያቄ

ከዚያ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው ሙዚየም ሄድን። እዚህ ያለው ስብስብ የአቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ድካም ውጤት ነው። የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና የድምፅ ቅጂዎችን ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ ሲሰበስቡ ኖረዋል። በፊት የሚያሳዩት በገዛ ቤታቸው ነበር። ጥንት ሐረር የምትታወቅበትን የኪታብ ጥረዛ ሙያ መልሰው ተምረው የተጎዱትን በእጃቸው ጠግነዋል።

ልጄ አንድ ዳር ዳሩ የተበላ ኪታብ ፊት ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የእማማን ኪታብ ይመስላል። እኛ ግን ልናቃጥለው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቴ ከወሎ ስትመጣ የአባቷን ኪታቦች በቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ነው የመጣችው። ሳጥኑ አልጋ ሥር ኖሮ ኖሮ እርጥበት ገባው፤ አይጥም ጀመረው። የቁርኣን ቃል ያለበት ወረቀት የትም እንዳይወድቅ ብዬ ከዒድ በኋላ በክብር ላቃጥለው ወስኜ ነበር። ያረጀ የቁርኣን ቅጠል እንዳይረገጥ ማቃጠል ወይም መቅበር የታወቀ ነው። የእኔ ጥፋት ምን እንደሆነ እንኳ ሳላስነብብ መወሰኔ ነው። ለልጄ የምመልሰው አጣሁ። በጃሚዕ መስጊድ ዙህርን ሰግደን ወደ ድሬዳዋ ስንመለስም መንገዱን ሙሉ ዝም አልን።

ሳጥኑ ሲከፈት

ዓለም ባንክ በገባን በሳምንቱ ዐረብኛ የሚያነቡ አንድ ሸኽ ቤታችን ጠራን። አብዛኛው የፊቅህ ኪታብ ሆኖ ተገኘ። ጥቂቱ ደግሞ ዐጀሚ ነው፤ የወሎ ዓሊሞች አማርኛን በዐረብ ፊደል የሚጽፉበት። ሸኹ የአንዱን ኪታብ መጨረሻ ገልጠው የባለቤቱን ስምና ከማን እንደቀራው የተጻፈውን አነበቡ። እናቴ የአባቷን ስም ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እስቲ ይድገሙት» አለች። ደገሙት።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው ቤት የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ካለ፣ መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ገጾቹንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ለማታውቁት ገዢ አትስጡ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ምክር ካስፈለጋችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናዎችንና የዐረብኛ ጽሑፎችን ይጠብቃል።

ሐረርን ለማየት ጥቂት ሰዓት በቂ ነው። የወላጆቻችንን ሳጥን ለመክፈት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።