ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም

ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ። ሽሮ መሥራት ግን አልችልም ነበር።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ወደ ማጀት ብቅ ካልኩ እናቴ «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ሂድ አጥና!» ብላ ትመልሰኝ ነበር። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ስጀምርም የማውቀው ሻይ ማፍላትና እንቁላል መጥበስ ብቻ ነው። ሌላውን ከምግብ ቤት እየገዛሁ እበላለሁ። ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ የሚከፈለኝ በጻፍኩት ልክ ነው። ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ይራቆታል።

ባለፈው ጾም እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ እኔ ዘንድ መጣች። ሐኪሙ እሳትና ጭስ አጠገብ እንዳትቀርብ፣ እንዳታጎነብስም አዘዛት። «ችግር የለም፣ ከምግብ ቤት አመጣለሁ» አልኩ። ያመጣሁትን ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ሰሐኑን ገፋ አድርጋ፣ «ድስት አለህ?» አለችኝ።

በሩንና መስኮቱን ከፍቼ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ለኮስኩ። እሷ አንድ ዓይኗ እንደተሸፈነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ራስ ሽንኩርት ከትፌ ዘይት ላፈስ ስል፣ «ቆይ! መጀመሪያ ብቻውን አቁላላው፤ ሊይዝብህ ሲል ውሃ ጠብ አድርግበት» አለች። ትንሽ ቆይቼ በርበሬውን አነሳሁ።

«ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም።»

«ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?»

«ጥሬው ይሸተኛል።»

ዘይቱ ገባ፣ በርበሬው ገባ፣ ውሃው ፈላ። ሽሮውን ግን አንዴ ገለበጥኩትና ጓጎለ። «በአንድ እጅህ በተን፣ በአንዱ አማስል» ስትለኝ ጊዜው አልፏል። ጉጉሉን ዝም ብላ በላችልኝ።

ክፍል ውስጥ ስለ አዳም ስሚዝ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ እራታችንን የምናገኘው ሥጋ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው የራሳቸውን ጥቅም ስለሚያስቡ ነው ይላል። ሰውየው ሳያገባ አብዛኛውን ዕድሜውን ከእናቱ ጋር ነው የኖረው። ከምግብ ቤት የምገዛው ሽሮ በጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይቆጠራል፤ እናቴ ዕድሜ ልኳን ለቤቷ የሠራችው ወጥ አይቆጠርም። ይህን ለፈተና ሸምድጄ አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን ለአንድ ድስት ሽሮ 40 ደቂቃ ቆሜ ወገቤን ሲያመኝ ነው። ያውም እኔ የሠራሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ሽሮ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ተፈጭቶ ነው እጄ የደረሰው።

በሦስተኛው ቀን ሽሮው ተንተክትኮ ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ። እናቴ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ድስቱን አየች፣ ቀመሰች። «ጨው ያንሰዋል» አለች። ቀጥላ እንጀራ ድገመኝ አለችኝ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የተረፈውን ሽሮ ትታልኝ፣ «ሲያልቅ ደውል፣ እልክልሃለሁ» አለችኝ። እደውላለሁ። ግን እንድትልክልኝ አይደለም፤ አብሬያት ልለቅም ደብረ ብርሃን እንደምሄድ ልነግራት ነው።