የክትባት ሽፋንና የልውጥ ዝርያዎች ሥርጭት

ቫይረስ በሰው ሰውነት ውስጥ ራሱን ደጋግሞ ያባዛል። በሚባዛበትም ጊዜ አልፎ አልፎ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ለቫይረሱ የሚጠቅም አይደለም፤ ጥቂቱ ግን ፈጥኖ እንዲተላለፍ ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም እንዲያመልጥ ይረዳዋል። በመጀመሪያ በሕንድ የተገኘው ዴልታም ሆነ የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ኅዳር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቁት ኦሚክሮን የዚህ ሂደት ውጤቶች ናቸው። በቫይረሱ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን ለአዲስ ዝርያ መፈጠር ያለው ዕድልም ይሰፋል።

ለመሆኑ ሽፋኑ ስንት ሲደርስ ሥርጭቱ ይገታል? መልሱ እንደ ዝርያው ይለያያል። ማንም መከላከያ ባላዳበረበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ዝርያ የተያዘ አንድ ሰው በአማካይ ከ2 እስከ 3 ለሚደርሱ ሰዎች እንደሚያስተላልፍ ይገመት ነበር። ለዴልታ ግምቱ ወደ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል። አንድ ሰው ለ5 ሰዎች የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ በሽታው እንዳይስፋፋ ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ የማይያዙ መሆን አለባቸው፤ ይህም 80 በመቶ ማለት ነው። አማካዩ 2.5 ቢሆን ግን 60 በመቶ በበቃ ነበር። ስሌቱ ክትባቱ የተከተበን ሰው ፈጽሞ ከመያዝ እንደሚጠብቅ አድርጎ የሚያስብ ነው። ክትባቱ ከ10 ሰዎች 8ቱን ብቻ ከመያዝ የሚጠብቅ ቢሆን፣ 60 የነበረው ወደ 75፣ 80 የነበረው ደግሞ ወደ 100 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ለቀድሞው ዝርያ በቂ የነበረ ሽፋን ለአዲሱ ላይበቃ ይችላል። ኦሚክሮን የተከተቡ ሰዎችንም በብዛት መያዙ "ክትባቱ ዋጋ የለውም" የሚል ወሬ አስነሥቷል። ይሁንና ክትባቱ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚሰጠው ጥበቃ ከመያዝ ከሚሰጠው ይልቅ ጸንቶ ቆይቷል፤ ወረርሽኝ ሲበረታ የኦክስጂንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ እጥረት የሚቃለለውም በዚሁ ነው።

የአገር አማካይ ሽፋን ብቻውንም ሊያሳስት ይችላል። በአንድ ከተማ ብዙ ሰው ተከትቦ፣ በአጎራባች ወረዳ ግን ጥቂት ብቻ ከተከተበ፣ ቫይረሱ የሚዛመተው ክትባት ባልደረሰበት አካባቢ ነው። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የእድር ስብሰባና የገበያ ቀን ደግሞ ሁለቱን ማኅበረሰቦች በየሳምንቱ ያገናኛሉ።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በይፋ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር። በቅድሚያ የገባው የአስትራዜኔካ ክትባት በሁለት ዙር ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ከ8 እስከ 12 ሳምንታት እንዲቆይ ይመከር ነበር። መከላከያውም ከክትባቱ በኋላ ለመዳበር ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። የኦሚክሮን ማዕበል ግን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሳምንታት ውስጥ ከፍ ብሎ በጥር ቀንሷል። አዲስ ዝርያ መግባቱን ሰምቶ የመጀመሪያውን ዙር የሚወስድ ሰው ሁለተኛውን ሳያገኝ ማዕበሉ ሊደርስበት ይችላል። በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ቅድሚያ ያገኙትም በዚህ ምክንያት ነበር። ሁለተኛው ዙር ያለፈበት ሰው የክትባት ካርዱን ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይመከር ነበር። መዘግየቱ ክትባቱን ከመውሰድ አያግደውም ነበር።